በባዶ እግሩ ሊገባ የማለው ሰው

አባ ገብረ ሚካኤል እንዲህ አሉ፦ «አርብ ሊነጋጋ ሲል ከበአቴ ደጅ ቆሜ ነበር። የኋላሸት ብረቱን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ እግሩ ላይ የዳክዬ እግር የሚመስል ነገር አጥልቆ ወደ ባሕሩ ሲገባ አይቻለሁ። የገፋው የለም፣ የጠራው የለም። ብቻውን ገባ። ረፋዱ ላይ ሬሳው ደንገሉ ውስጥ ተገኘ።»

ሔዋን እንዲህ አለች፦ «ባሌ አርብ ዕለት ሊጠልቅ አይችልም። ቀጠሮው እሑድ ነበር። ደግሞስ በምን ይጠልቃል? መተንፈሻው ከሲሊንደሩ ጋር አልገጥም ብሎታል። የሚያገናኘው ብረት ገና መንገድ ላይ ነው።»

ሁለቱንም ቃል የተቀበለችው ኢንስፔክተር የብርጓል ራሷ ናት። መነኩሴውም ሴትየዋም ሲናገሩ ዓይናቸውን አልሰበሩም። አንዳቸው ዋሽተዋል ለማለት ልቧ እምቢ አላት።

የኋላሸት የዝግባ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ ልጅ ነው። ከደብረ ወርቅ በእግር ተወርዶ የሚደረስበትን የዝግባን ባሕር እያየ አደገ፤ ከዚያ ጅቡቲ ተሻግሮ ቱሪስቶችን የባሕር ወለል የሚያስጎበኝ ጠላቂ ሆነ። ዘንድሮ ለዕረፍት ከሚስቱ ጋር ሲመጣ የደብሩ ካህናት ለመኑት። አባቶች በክፉ ቀን በሣጥን አድርገው ባሕሩ ውስጥ የደበቁትን የብር መስቀል እንዲያወጣላቸው ነው። እሺ አለ። አሁን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ተኝቷል። ሐኪሙ «ውሃ ገድሎታል» ብሏል። ማጅራቱ ላይ ያለው የበለዘ ቦታ ከድንጋይ ይሁን ከሰው እጅ አልለየለትም።

ሔዋንን ግን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። የደብሩ ጉባኤ «መሐላ አፍርሶ ጠበሉን በጫማ ረግጧል፤ ፍትሐት አይደረግለትም፣ ከአባቱ አጠገብም አይቀበርም» ብሎ ወስኗል። አስከሬኑን ይዛ የምትሄድበት ስላጣች ከሆስፒታሉ በር አልተነቃነቀችም።

«ኢንስፔክተር» አለ ረዳቷ ሳጅን ይታያል መኪናውን እያስነሳ፣ «የገደለው ባሕሩ ከሆነ በምን ካቴና እናስረዋለን?»

«መንዳቱን ንዳ» አለችው።

*

አባ ገብረ ሚካኤልን ያገኟቸው ከበአታቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ነው። አጠገባቸው የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ ቄስ ገብረ ኪዳን ነበሩ። ባሕሩ ከቁልቁለቱ ሥር ደንገል ከቦት ተኝቷል።

«አባ፣ ደግሜ ላስቸግርዎት ነው።»

«ቃሌ አይለወጥም ልጄ።»

«እንዲለወጥ አልመጣሁም። እንዲሞላልኝ ነው። ይሄ መሐላ የምትሉት ምንድን ነው?»

መልሱን የሰጡት ቄሰ ገበዙ ናቸው። «ባሕሩ ጠበል ነው። ጫማ አይገባበትም። ስንፈቅድለት ጾሞ፣ በባዶ እግሩ እንዲገባ አስምለነዋል። ‹እግር ላይ የሚጠለቀው ክንፍ ከሌለ መዋኘት ያደክማል፤ ግን እሺ፣ በባዶ እግሬ እገባለሁ› አለና መስቀል መታ።»

«ሲምል ማን ማን ነበረ?»

«የደብሩ ካህናትና ሽማግሎች። ሌላ ሰው አላስገባንም።»

የብርጓል ወደ መነኩሴው ዞረች። «አባ፣ ያን ዕለት ጠዋት ሲገባ ምን ለብሶ ነበር?»

«ጥቁር። ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር። ገላው ላይ እንደ ቆዳ የተጣበቀ።»

«ፊቱስ?»

«መስተዋት ነገር ሸፍኖታል። ጉምም ነበር። እኔም ብዙ አልቆየሁ፤ ኪዳን ሊደርስ ሆነና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ።»

«ይታያል፣ ሬሳው ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር?»

ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። «ነጭ ሸሚዝና ካኪ ሱሪ። ብረቱ በሸሚዙ ላይ ታስሮ።»

የመነኩሴው ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ።

«ጥቁሩን ውሃው ነጥቆት ይሆናል» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ውሃ የሰው ልብስ አውልቆ ሸሚዝ አልብሶ ቁልፉን አይቆልፍም፣ ቄሰ ገበዝ።»

«እንግዲያው» አሉ አባ ገብረ ሚካኤል ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ያየሁት ማንን ነው?»

ቄሰ ገበዙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሌላ ሰው ካለ ሰውየውን አምጪልንና ጉባኤው ያየዋል። እስከዚያ ሕዝቡ ከአውደ ምሕረት የሰማው የአባን ቃል ነው። የሟች እግር ላይም ያ ክንፍ የተባለው ጫማ ተገኝቷል።»

*

ሔዋን ደብረ ማርቆስ ፖሊስ ጣቢያ ስትመጣ የባሏን ቦርሳ ከአማቷ ቤት ይዛ ነበር። ይታያል ከሬሳው ላይ የተፈታውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት፦ ሲሊንደሩን፣ ክንፉን፣ የፊት መስተዋቱን፣ ከጎማ ቱቦዎቹ ጋር የተያያዘውን፣ አንደኛው ቱቦው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለውን መተንፈሻ።

«ይሄ መተንፈሻ፣ ሬጉሌተሩ፣ የሱ አይደለም» አለች ገና ሳትነካው።

«በምን አወቅሽ?»

ሔዋን ቦርሳውን ከፍታ ሌላ ሬጉሌተር አወጣች። ሥሩ ላይ የተጣጠፈ ጥቁር የጠላቂ ልብስ አለ፤ ሰሞኑን ውሃ ያልነካው። «የሱ ይኸውና። እዚያው ጅቡቲ የጠላቂዎች ቤት ውስጥ እኔ ነኝ የምጠግነው። እንደ ልጄ ነው፣ አላውቀውም እንዴ?»

የብርጓል ሁለቱን አገላብጣ አየቻቸው። ለእሷ አንድ ነበሩ። «ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። እኔ የማውቀው የቡታ ጋዝ ሬጉሌተር ብቻ ነው። እሱም ሲሊንደር በቀየርኩ ቁጥር አልገጥም እያለ ያስለቅሰኛል።»

ሔዋን ፈገግ ልትል ቃጣት፤ ፈገግታው ግን አልወጣም። «እንደሱ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲሊንደሩ አፍ ውስጥ ተጠምዝዞ ይገባል፤ ባለ ጥርስ እንለዋለን። ሌላው አፉን ከላይ አቅፎ በብሎን ይጠብቃል፤ ባለ ማቀፊያ ነው።»

«የቱ ይሻላል?»

«ለጥንካሬ ባለ ጥርሱ። የጎማ ቀለበቱ ውስጥ ስለሚቀበር አያፈስም። ለመንገድ ከሆነ ግን ባለ ማቀፊያው። ሲሊንደር ይከብዳል፣ ማንም ይዞት አይጓዝም። ሬጉሌተርሽን ብቻ ትይዣለሽ፣ ሲሊንደሩን የደረስሽበት ትከራያለሽ። በእኛ በኩል ደግሞ የሚበዛው የማቀፊያ አፍ ነው።»

«እሱ የቱን ያዘ?»

«ባለ ጥርሱን። ተጨቃጭቀንበታል። ‹ባለ ማቀፊያውን ውሰድ፣ ካልሆነ አዳፕተር ጨምር› አልኩት። ባለ ጥርሱን ከማቀፊያ አፍ ጋር የምታገናኝ ትንሽ ብረት ናት፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ‹አገሬ እኮ ነው የምሄደው፣ አገሬ ምን ታሳጣኛለች› ብሎ ሳቀብኝ። እዚህ የሐይቆች ጥናት ማዕከል ሄዶ ሲያይ ሲሊንደሮቹ ሁሉ የድሮ ናቸው፤ ባለ ማቀፊያ። ጅቡቲ ደወልኩና አዳፕተር በከባድ መኪና ሹፌር አስላክሁ። ጉንደ ወይን ነው የሚያወርድልን።»

የብርጓል ከሬሳው የተፈታውን ሬጉሌተር ጫፍ ነካች። «ታዲያ ይሄ ጫፉ ላይ ያለው?»

«አዳፕተር ነው። ይሄም ሬጉሌተር ባለ ጥርስ ነው። ባለቤቱ ግን ለመንገድ የተዘጋጀ ሰው ነው፤ ረስቶ አልመጣም።» ጎንበስ ብላ የአየር መለኪያውን አየች። «ደግሞ ሲሊንደሩ ገና ግማሹ አየር ነው። አየር እያለው እንዴት ይሰጥማል?»

«ባልሽ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ባሕሩ ለምን ሄደ?»

«ሊጠመቅ። ከማለ ጀምሮ በየማለዳው ይጠመቅ ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጫማውን ከቤት ደጅ ትቶ ነው የወጣው።»

«ነጠላ አልተገኘም» አለ ይታያል።

ሔዋን የባሏን ሬጉሌተር መልሳ ጠቀለለችው። «ኢንስፔክተር፣ ማን እንደገደለው ይደረስበታል። እኔ የምፈልገው መሬት ነው። ከአባቱ አጠገብ አንድ ቁራሽ መሬት። ‹በጫማ ረገጠ› እየተባለ ሜዳ ላይ እንዳይቀበርብኝ።»

*

የሐይቆች ጥናት ማዕከል ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ቤት ነው። ንብረት ጠባቂው ባዘዘው ፖሊሶቹን ሲያይ ላብ ላብ አለው።

«ይሄ ሰውዬ የዝግባ ሰው ነው» ሲል ይታያል በጆሮዋ ሹክ አለ። «ከሟቹ ቤተሰብ ጋር በእርሻ ድንበር ተካስሰዋል። ጠይቄያለሁ።»

«ሲሊንደሩ የእናንተ ነው?» አለችው የብርጓል።

«የእኛ ነው። የዝግባ ባሕር ጥናት ሲያልቅ የተረፈ ነው። ግን እኔ አልሰጠሁም! ማክሰኞ መጥቶ ሞከረው፣ አልገጥም አለው። ‹አዳፕተሩ ሲመጣ እወስደዋለሁ› ብሎ ትቶት ሄደ።»

«መጋዘኑ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ። ዶክተር አማረም አላቸው።»

«ሐሙስ ማታና አርብ ጠዋት የት ነበርክ? ቤትህ አልነበርክም፣ ጎረቤቶችህን ጠይቀናል።»

ባዘዘው ኮፍያውን አወለቀ። «ሆስፒታል። ባለቤቴ ምጥ ይዟት።» ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ልጁ አልተረፈም እትዬ። ለሰው ማውራት አቅቶኝ ነው።»

ይታያል ወደ መሬት አየ። ወዲያው ሆስፒታል ደወለ፤ አዋላጇ ባዘዘው እስከ ረፋድ ከሚስቱ አጠገብ እንዳልተለየ ነገረችው። ስልኩን ዘግቶ «ይቅርታ ወንድሜ» አለው።

ዶክተር አማረ ቢሯቸው ውስጥ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። ጥናቱን የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ከውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው።

«በጣም ያሳዝናል» አሉ። «እኔንም ጸጸቱ አልለቀቀኝም። ሲሊንደሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ‹አዳፕተሩ መጣልኝ› ብሎ እየሳቀ መጣ። ባዘዘው ስላልነበረ ራሴ ከፍቼ ሰጠሁት።»

«አዳፕተሩን አሳየዎት?»

«በእጁ ይዞት ነበር።»

«እርስዎም በጥናቱ ጊዜ ይጠልቁ ነበር ይባላል።»

«አዎ። ግን የእኔ ሬጉሌተር ባለ ማቀፊያ ነበር። አዲስ አበባ ሸጥኩት። ከእንግዲህ የት ልጠልቅበት ብዬ?» ብለው ሳቅ አሉ።

የብርጓል አመስግና ወጣች። በኮሪደሩ ይታያል «ሁሉም ገጠመ» አላት። «አዳፕተሩ ደርሶታል፣ ከጓደኛ ሬጉሌተር ተውሷል፣ ጠልቋል። ሚስቱ አታውቅም።»

«ጥቁሩስ ልብስ?»

«እሱ... እሱ አልገጠመም።»

«ጉንደ ወይን እንሂድ።»

*

የጅቡቲው ሹፌር መኪናው ከሐሙስ ጀምሮ ሞጆ ላይ ተበላሽቶበት ቆይቶ፣ ጉንደ ወይን የደረሰው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነበር። ከአንድ ሻይ ቤት ደጅ ቆሞ ሔዋንን ሲጠብቅ ፖሊስ መጣበት።

«ኮንትሮባንድ አይደለም እኮ» አለ እጁን እያወናጨፈ። «ብረት ነው! ለየኋላሸት ነው። የት አለ እሱ? ምሳ ሊጋብዘኝ ቃል ገብቷል።»

የብርጓል ነገረችው። ሹፌሩ ሻይ ቤቱ ደረጃ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። በፌስታል የተጠቀለለውን ዕቃ ዘረጋላት። ፈታችው፤ መዳፏ ላይ የምታርፍ፣ አዲስ፣ ማንም ያልገጠማት አዳፕተር።

«ሐሙስ አመሻሽ» አለች ለይታያል፣ «ይቺ ሞጆ ነበረች።»

«ዶክተሩ ዋሽተዋል።»

«አንድ ነገር ዋሽተዋል። ሌላ አዳፕተር ከሌላ ቦታ አግኝቶ ይሆናል የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ሬጉሌተሩ የማን እንደሆነ ማወቅ አለብን።»

ለባዘዘው ደወለች። «ባዘዘው፣ ሐዘንህ ላይ ነው የማስቸግርህ። ጥናቱ ላይ የተነሳችሁት ፎቶ አለህ?»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነበር፤ ሰሞኑን ማን አውርዶ እንደወሰደው አላውቅም። ስልኬ ላይ ግን አለ።»

ፎቶው ጥቂት ቆይቶ ደረሰ። ዶክተር አማረ በጥቁር የጠላቂ ልብስ ባሕሩ ዳር ቆመዋል። ጀርባቸው ላይ ያለው ሲሊንደር አፉ ላይ አዳፕተር አለ፤ ከዚያም ባለ ጥርስ ሬጉሌተር። አንደኛው ቱቦ በቀይ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ይታያል ጣቢያ የተቀመጠውን ሬጉሌተር አስታወሰ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቀይ ፕላስተር ነበረበት።

«ልብሱን አየኸው?» አለች የብርጓል። «ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት።»

*

የዶክተር አማረ ቤት ሲፈተሽ ከዕቃ ቤቱ ጓዳ አንድ ጥቅል ወጣ። ላዩ ነጠላ ነው። ሲፈታ እርጥበቱ ያልለቀቀው ጥቁር የጠላቂ ልብስ፤ በልብሱ ውስጥ ደግሞ ጭቃ የለበሰ ትንሽ ሣጥን። የብርጓል ሣጥኑን አልከፈተችም። ነጠላውን ብቻ አነሳችና ሆስፒታሉ በር ድረስ ወስዳ ጥለቱን ለሔዋን አሳየቻት። ሔዋን ጫፉን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

ዶክተር አማረ ጠበቃ መጥራት እንደሚችሉ ሲነገራቸው አልፈልግም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶውን አዩ፣ አዳፕተሯን አዩ፣ ከዚያ መስኮቱን አዩ።

«ሣጥኑን ያገኘሁት በጥናቱ ጊዜ ነው» አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም። ጭቃ ውስጥ ሸፍኜ ተውኩት። አንድ ቀን ተመልሼ አወጣዋለሁ እያልኩ ከቀን ቀን አሳደርኩት። ከዚያ ይሄ ልጅ ‹እሑድ ላወጣው ነው፣ ሲሊንደር ስጡኝ› ብሎ መጣ።»

«ስለዚህ ቀደሙት።»

«ብቻዬን ነበርኩ። ሣጥኑን ይዤ ስወጣ ውሃው ዳር ቆሟል፤ በነጠላ። መስተዋቱን አውልቄ ነበር። ‹ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት?› አለኝ። ቢጮህ እሮጥ ነበር። አልጮኸም፤ አወቀኝ።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ፊቱን አዞረ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊሄድ። ማጅራቱን ያዝኩት። ውሃው እስከ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር።»

የብርጓል ፎቶውን ወደ ራሷ ሳበች።

«ትተውት አይሄዱም ነበር? ለምን ዕቃዎን አሰሩበት?»

«ስገባ መነኩሴው ከላይ ቆመው አይተውኛል። ጠላቂ ታይቶ የተገኘው ሬሳ የጠላቂ ካልሆነ፣ ጠላቂው ማነው ይባላል። ጥቁሩን ልብሴን ላለብሰው ሞከርኩ፤ ጠባብ ነው፣ የሞተ ሰው አይታዘዝም። የቀረውን አሰርኩበት።»

«ክንፉንስ?»

ዶክተር አማረ ጥያቄው አልገባቸውም። «ክንፉንም። ጠላቂ ያለ ክንፍ ይገባል እንዴ?»

«እሱ ሊገባ ነበር» አለች የብርጓል። «በመስቀል ምሎ ነበር። ከካህናቱና ከሽማግሎቹ በቀር ሲምል የሰማው የለም።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የብርጓል ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ ያለቻት ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት ብቻ ነበረች። ቀሪውን ለይታያል ትታ ወጣች።

*

በማግስቱ ጠዋት የዝግባ ካህናት ጥላ ይዘው፣ አንድ አውቶቡስ ለቀስተኛ አስከትለው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በር ላይ ወረዱ። ቄሰ ገበዝ ገብረ ኪዳን ወደ ሔዋን ቀረቡ። የብርጓል ከግድግዳው ጥግ ቆማ ታያለች።

«ልጄ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «ጉባኤው ውሳኔውን አንሥቷል። ባልሽ መሐላውን እንደጠበቀ ሞቷል። ከአባቱ አጠገብ ተቆፍሮለታል። ሙሉ ፍትሐት ይደረግለታል፤ እኔ ራሴ እመራዋለሁ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ተነፈሰ። አንዳንዶች ማልቀስ ጀመሩ።

አባ ገብረ ሚካኤል ከሁሉ ኋላ፣ ከአውቶቡሱ ጎማ አጠገብ ቆመው ነበር። ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ሔዋን በሰዎቹ መካከል አሻግራ አየቻቸው።

«አባስ?» አለች።

«አባ ካህን ቢሆኑም ዛሬ አይቀድሱም፣ አይፈቱም» አሉ ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስሕተታቸው ከብዷቸዋል። ወደ በአታቸው ገብተው ሱባኤ ይይዛሉ። ሕዝቡም ባያያቸው ይሻላል ብለን ነው። የሆነው ሆነ፣ ጥፋቱ ከእሳቸው ጋር ይለፍ።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አሉ መነኩሴው ከወዲያ። «ያየሁትን ሰው ግን ስም ሰጠሁት። ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ፊትሽ መቆም አይገባኝም፤ እንድሄድ ፍቀጂልኝ።»

የብርጓል ሔዋን እንደምትጮህ፣ ወይም እንደምትወድቅ ጠብቃ አንድ እርምጃ ቀረበች። ሔዋን ግን አልጮኸችም። የባሏን ነጠላ ከትከሻዋ አንሥታ እንደ ሐዘንተኛ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ከዚያ ለቄሰ ገበዙ፣ ለካህናቱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ለቀሩትም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ከአባቱ አጠገብ ይቀበራል። ፍትሐቱን የሚመሩት ግን አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። አገሩ ሁሉ ‹መሐላውን አፈረሰ› ሲባል የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው፤ ‹አላፈረሰም› ሲባልም ከእሳቸው አፍ ይስማ። እሳቸው ካልፈቱት ባሌን ከዚህ አላነሳም።»